ላቴክ ምስሌን አልቀበል አለኝ፦ ከየት ልጀምር?

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ቴሌግራሜ ይጮኻል። በላቴክ፣ ማለትም የተተየበ ጽሑፍና ትእዛዝ ወደ ተሰናዳ ገጽ በሚቀይረው ፕሮግራም፣ የተሠራው የመመረቂያ ጽሑፍ ጠዋት መግባት አለበት። ጽሑፉ አልቋል፣ ማጣቀሻው ተስተካክሏል፣ ምዕራፍ 4 ላይ ያለው ግራፍ ግን አልወጣም። አብሮ የሚላከው ስክሪንሾት ደግሞ የስህተቱን ግማሽ ቆርጦ ያስቀረ ነው። እኔም መልሼ የምጠይቀው ሁልጊዜ ሁለት ነገር ነው። በምንድን ነው ኮምፓይል የምታደርጉት (ሰነዱን ወደ ገጽ የምትቀይሩት)? ፋይሉስ ውስጡ ያለው ስሙ ላይ የተጻፈው ነው ወይ? ብዙዎቹ እነዚህን ሁለቱን ለመመለስ ሲሞክሩ መፍትሄውን ራሳቸው ያገኙታል፤ እኔም ተመልሼ እተኛለሁ።

ይሄን የምጽፈው እንግዲህ በደንብ እንድተኛ ነው። ትእዛዞቹንና የስህተት መልእክቶቹን እዚህ የማስቀምጠው አፋችን ላይ እንዳሉ በፊደላችን ነው፤ ሰነዱ ውስጥ በላቲን ፊደል እንደምትተይቧቸው ታውቃላችሁ።

ከሁሉ በፊት የአንድ ደቂቃ ሙከራ

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ጥፋቱ የሰነዱ ይሁን የምስሉ ለዩ። ኤምደብሊውኢ የሚባል ፓኬጅ (የላቴክ ተጨማሪ ክፍል) አለ፤ ሙሉ ቴክላይቭ (የላቴክ ፕሮግራሞች ጥቅል) ከጫናችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ አለ፣ ላቴክ በኢንተርኔት የሚሠራበት ኦቨርሊፍም ላይ አለ። ከሱ ጋር የናሙና ምስሎች ይመጣሉ። ምስል በሚያስገባው ኢንክሉድግራፊክስ በሚለው ትእዛዝ ውስጥ የራሳችሁን ፋይል ስም አጥፉና «ኤግዛምፕል-ኢሜጅ» ብላችሁ ተኩ፤ ቅጥያ (ከነጥብ በኋላ የሚመጣውን የፋይል ዓይነት) አትጨምሩ። ናሙናው ከወጣ ሰነዳችሁ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የእናንተ ፋይል ወይም ፋይሉ ያለበት ቦታ ነው። ናሙናውም ካልወጣ ፋይሉን ተዉት፣ የሰነዱን አናት እዩ። ይሄንን ሳያደርጉ ምስሉን ስድስት ጊዜ ከፎርማት ወደ ፎርማት ሲያመላልሱ የሚያድሩ ሰዎች አሉ፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

ማነው ኮምፓይል የሚያደርገው?

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑዝ በ1970ዎቹ መጨረሻ የላቴክ መሠረት የሆነውን ቴክን ሲሠራ ፕሮግራሙ ምስል የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ዛሬም ያ መሠረት አልተለወጠም። ቴክ ከምስሉ የሚፈልገው ስፋቱንና ቁመቱን ብቻ ነው። ልኩን ያክል ባዶ ሳጥን ገጹ ላይ ይተዋል፣ ሳጥኑን በምስል የሚሞላው ከሱ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፦ መለካትና መሳል። የስህተት መልእክት ስታነቡ «ይሄ የተበላሸው ሲለካ ነው ሲሳል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ነገሩ ቶሎ ይገለጥላችኋል።

የሚለካውና የሚስለው ክፍል ደግሞ እንደ ሞተሩ (ኮምፓይል እንደሚያደርገው ፕሮግራም) ይለያያል። በድሮው መንገድ ላቴክ ዲቪአይ የሚባል ፋይል ያወጣና ዲቪፕስ የተባለ ፕሮግራም ፖስትስክሪፕት ወደሚባል የኅትመት ቋንቋ ይቀይረዋል። ይሄ መንገድ የሚወደው ኢፒኤስን (በዚያው ቋንቋ የተጻፈ ምስል) ነው፤ ፒኤንጂ ብትሰጡት መለኪያውን የት እንደሚያነብ ግራ ይገባዋል። ፒዲኤፍላቴክ በተቃራኒው ፒዲኤፍ፣ ፒኤንጂና ጄፔግ በቀጥታ ይወስዳል፤ ኢፒኤስን ግን በቀጥታ አይወስድም። ከቴክላይቭ 2010 ወዲህ ግን ኢፒኤስ ሲያገኝ ከጀርባ ራሱ ወደ ፒዲኤፍ ያስቀይረዋል። ፎልደራችሁ ውስጥ ስሙ መጨረሻ ላይ «ኢፒኤስ-ኮንቨርትድ-ቱ» የሚል ፋይል አይታችሁ ከየት መጣ ያላችሁ ከሆነ ከዚህ ነው። ሉዋላቴክም በዚህ ረገድ እንደዚያው ነው። ዚላቴክ ፒዲኤፍ፣ ፒኤንጂ፣ ጄፔግ ይቀበላል፤ ኢፒኤስንም ፖስትስክሪፕት በሚያነበው በጎስትስክሪፕት በኩል አሳልፎ ያስገባል።

ኤስቪጂ፣ ጊፍ፣ ቲፍ፣ ዌብፒ፣ ወይም አይፎን የሚያወጣው ኤችኢአይሲ? አንዳቸውም ሞተር ጋ በቀጥታ አያልፉም። መቀየር ግድ ነው።

በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች እዚህ ላይ የራሳችን ጣጣ አለን። የግዕዝ ፊደል በወጉ እንዲወጣ ዚላቴክ ወይም ሉዋላቴክ ይዘን፣ ፎንት መምረጫውን ፎንትስፔክ ጠርተን፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባል ፎንት እንጭናለን። ቴምፕሌቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ሰው የተወረሰ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ከሌላ ሰው ወርሶታል። አናቱ ላይ ምስል ማስገቢያው ግራፊክስኤክስ ፓኬጅ በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «ዲቪፕስ» ወይም «ፒዲኤፍቴክ» ተብሎ ተጠርቶ ታገኙታላችሁ። አንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ለመጨመር ብላችሁ ሞተሩን ወደ ዚላቴክ ስትቀይሩ ትላንት የወጣው ምስል ሁሉ ዛሬ እምቢ ይላል። ቃሏን ከቅንፉ ጋር አጥፏት። ግራፊክስኤክስ የትኛው ሞተር ላይ እንዳለ ራሱ ያውቃል፣ ነጋሪ አያስፈልገውም። ዶኪዩመንትክላስ የሚለው መስመር ላይም ተደብቃ ልትገኝ ትችላለች፣ እዛም ፈልጉ።

የትኛው ሞተር እየሠራ እንደሆነ ካላወቃችሁ የሎግ ፋይሉን (ላቴክ ሲሠራ የሚጽፈውን መዝገብ) የመጀመሪያ መስመር አንብቡ። «ዚስ ኢዝ» ብሎ ስሙን ይናገራል። ኦቨርሊፍ ላይ የፕሮጀክቱ ሴቲንግ ውስጥ «ኮምፓይለር» የሚለው ጋ ተጽፏል።

መልእክቱ ምን ይላል?

ሎግ ሲነበብ ከላይ ነው። የመጀመሪያው ስህተት እናት ነው፣ ከሱ በታች ያሉት ሠላሳዎቹ ልጆቹ ናቸው።

«ፋይል ኖት ፋውንድ» ካለ ስለ ፎርማት አታስቡ፣ ፋይሉ ጋ አልደረሰም። መንስኤዎቹን በየተራ ፈትሹ። ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል፣ ኦቨርሊፍ ደግሞ የሚሠራው ሊኑክስ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የወጣው ምስል ኦቨርሊፍ ላይ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስሙ በትልቅ ፊደል ጀምሮ ሰነዱ ውስጥ በትንሽ ተጽፎ ይሆናል፣ ወይም ካሜራው ቅጥያውን በትልቅ ፊደል አስቀምጦት ይሆናል። ዊንዶውስ የታወቁ ቅጥያዎችን ስለሚደብቅ «ግራፍ ነጥብ ፒኤንጂ» ብላችሁ የሰየማችሁት ፋይል በእውነት «ግራፍ ነጥብ ፒኤንጂ ነጥብ ፒኤንጂ» ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ የቅጥያ ማሳያውን አብሩና እዩ። ምዕራፎቹን በየፎልደሩ ከፋፍላችሁ ከሆነ ደግሞ መንገዱ የሚቆጠረው ከዋናው ፋይል ነው፣ ምዕራፉ ካለበት ፎልደር አይደለም። ግራፊክስፓዝ የሚለውን ትእዛዝ የምትጠቀሙ ከሆነ እያንዳንዱ ፎልደር የራሱ ቅንፍ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንድ ፎልደር ብቻ ቢኖርም ቅንፉ ድርብ ነው፣ ከፎልደሩ ስም ቀጥሎም ስላሽ አለ። ስላሿን መርሳት የሁላችንም ልማድ ነው።

የፋይል ስም ላይ ክፍት ቦታ፣ ተጨማሪ ነጥብ ወይም የአማርኛ ፊደል አታስገቡ። አዲሶቹ የላቴክ እትሞች ይሄንን ከበፊቱ በተሻለ ይችሉታል። ግን ሰነዱ ነገ አሮጌ እትም ያለው የአማካሪያችሁ ኮምፒውተር ላይ ሊከፈት ይችላልና ለምን አደጋ ትገዛላችሁ? ትንንሽ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ ይበቃል።

«አንኖውን ግራፊክስ ኤክስቴንሽን» ካለ ፋይሉን አግኝቶታል፣ ቅጥያውን ግን አያውቀውም። ኤስቪጂ፣ ቲፍ ወይም ጊፍ ሰጥታችሁታል ማለት ነው። ወደ መቀየሪያው ክፍል ውረዱ።

«ካኖት ዲተርሚን ሳይዝ ኦፍ ግራፊክ» ብሎ በቅንፍ «ኖ ባውንዲንግቦክስ» ካለ ሳይለካ ቀርቷል። ዘጠኝ ጊዜ ከአስር ምክንያቱ ሳታውቁት በድሮው የዲቪአይ መንገድ ላይ ሆናችሁ ፒኤንጂ ወይም ጄፔግ መስጠታችሁ ነው። ባውንዲንግቦክስ የሚባለው ኢፒኤስ ፋይል አናት ላይ የሚጻፍ መስመር ነው፤ አራት ቁጥር አለው፣ የምስሉን የታች ግራ ጥግና የላይ ቀኝ ጥግ ይነግራል፣ ልኩም 72ቱ አንድ ኢንች በሚሆኑ ነጥቦች ነው። ፒኤንጂ እንዲህ ያለ መስመር የለውም። በየመድረኩ «ቁጥሮቹን በእጅ ጻፍላት» የሚል ምክር ይገኛል። አትስሙ። ስህተቱ ይጠፋል፣ ምስሉ ግን ሲሳል ያው አይወጣም፤ ወደ ፒዲኤፍላቴክ ቀይሩና ተገላገሉት።

«ፒዲኤፍ ቨርዥን 1.7 ተገኝቷል፣ የሚፈቀደው እስከ 1.5 ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ ምስሉ በትክክል ይወጣል። ካስጨነቃችሁ ከሰነዱ አናት ፒዲኤፍማይነርቨርዥን የሚለውን ትእዛዝ 7 አድርጉት፣ ዝም ይላል። ትእዛዙ የሚሠራው ግን ለፒዲኤፍላቴክ ነው።

ፒኤንጂ የሚያነበው ሊብፒኤንጂ «አይሲሲፒ» ብሎ ስለ ቀለም ፕሮፋይል ካጉረመረመ ተዉት፣ አይጎዳም። «ሊብፒኤንጂ ኢንተርናል ኤረር» ወይም «ሪዲንግ ጄፔግ ኢሜጅ ፌይልድ» ካለ ግን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ መጥተናል።

ፋይሉ እውነት ስሙ የሚለውን ነው?

ከድረ ገጽ ላይ ምስል ታወርዳላችሁ። ዌብፒ ሆኖ ይመጣል። ላቴክ አልቀበል ይላል። እናንተም ስሙን በፒኤንጂ ትቀይሩታላችሁ። አያ ከበደን አቶ አበበ ብትሏቸው ያው አያ ከበደ ናቸው፣ ፋይሉም እንደዚያው ነው። ማንነቱ የተጻፈው ስሙ ላይ ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ባይቶች ላይ ነው።

ሊኑክስና ማክ ላይ ተርሚናል ከፍታችሁ «ፋይል» የሚለውን ትእዛዝ ጻፉና የምስሉን ስም አስከትሉ፤ እውነተኛ ማንነቱን ይነግራችኋል። ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱት። የተዘበራረቀ ምልክት ይሞላል፣ ግድ የለም፣ እናንተ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ እዩ። ፒኤንጂ ከሆነ ከአንድ እንግዳ ምልክት ቀጥሎ ፒ፣ ኤን፣ ጂ የሚሉት ሦስት ፊደላት አሉ። ፒዲኤፍ የሚጀምረው በመቶኛ ምልክትና በስሙ ነው። ኢፒኤስ በመቶኛ፣ በቃለ አጋኖና በፒኤስ ይጀምራል። ዌብፒ ደግሞ «ሪፍ» በሚሉ አራት የላቲን ፊደላት ጀምሮ ጥቂት ባይት ዝቅ ብሎ ስሙን ይጽፋል። ስታበቁ ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉት! በኖትፓድ ሴቭ የተደረገ ምስል ከዚያ ወዲያ ምስል አይደለም።

ፋይሉ ኤችቲኤምኤል ሆኖ ከተገኘ አትገረሙ። ያወረዳችሁት ምስሉን ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ገጽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ግራፉን በቴሌግራም ለጓደኛችሁ ስትልኩ እንደ ፎቶ አትላኩት፤ ጨምቆ፣ አሳንሶ፣ ጄፔግ አድርጎ ያደርሰዋል። «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩት።

አቀያየሩ

ኤስቪጂን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። ኢንክስኬፕ የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ከፍታችሁ በፒዲኤፍ ሴቭ ማድረግ ነው፣ ሌላ ምንም ብልሃት የለውም። ኤስቪጂ የሚባል የላቴክ ፓኬጅም አለ፣ ከጀርባ ኢንክስኬፕን እየጠራ ይቀይርላችኋል። ግን «ሼል ኤስኬፕ» (ላቴክ ሌላ ፕሮግራም እንዲጠራ የሚፈቅደው) ካልበራ አይሠራም፣ ሰነዱን የምትልኩለት ሰው ኢንክስኬፕ ከሌለው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ቆመ ማለት ነው። እኔ አልወደውም፤ አንዴ በእጅ ቀይሬ እገላገላለሁ። ግራፉ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ካለ ልብ በሉ፦ ኤስቪጂ የፎንቱን ስም ብቻ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ከተቀየረ ወይ ፊደሉ መልኩ ይለወጣል ወይ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ቀይሩት፣ ወይም ኢንክስኬፕ ላይ ጽሑፉን ወደ ፓዝ (ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ) ቀይሩት።

ኢፒኤስን ኢፒኤስቱፒዲኤፍ በሚባለው ትእዛዝ ቀይሩ፣ ከቴክላይቭ ጋር ይመጣል። ኢሜጅማጂክን ለዚህ ሥራ አትጥሩት። ጎበዝ ፕሮግራም ነው፣ ለፎቶ እወደዋለሁ፤ ግን ኢፒኤስና ፒዲኤፍ ሲሰጡት መጀመሪያ ወደ ፒክስል ይፈጫቸዋል፣ ካልነገራችሁት ደግሞ በኢንች 72 ፒክስል ብቻ አድርጎ። ስለታማው መስመር ብዥ ብሎ ይመለሳል። ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ ጭራሽ «ሴኪዩሪቲ ፖሊሲ አይፈቅድም» ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል።

ቲፍ ከማይክሮስኮፕና ከካርታ ሶፍትዌር ይመጣል። ወደ ፒኤንጂ ቀይሩት፤ ፒኤንጂ ጥራት አይቀንስም። ዌብፒን ጊምፕ በሚባለው የፎቶ ፕሮግራም ከፍታችሁ ፒኤንጂ ወይም ጄፔግ አድርጋችሁ አውጡት። አይፎን ላይ የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ፎርማት የሚለውን «ሞስት ኮምፓቲብል» ብታደርጉት ከዚያ በኋላ የምታነሱት ሁሉ ጄፔግ ይሆናል።

የሚሻለው ግን አለመቀየር ነው፤ ግራፉን የሠራው ፕሮግራም ጋ ተመለሱ። በፓይተን ማትፕሎትሊብ የሠራችሁት ከሆነ ሴቭፊግ ውስጥ የፋይሉን ቅጥያ ፒዲኤፍ ብቻ አድርጉት፣ አለቀ። አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ፒዲኤፍ የሚል ትእዛዝ አለ። ማትላብ ላይ ኤክስፖርትግራፊክስ አለ፣ ኮንተንትታይፕ የሚለውን ቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በመስመር የሚሳል) አድርጉት። ኤክሴል ላይ ግራፉን መርጣችሁ በፒዲኤፍ አውጡና ዙሪያውን ያለውን ነጭ ፒዲኤፍክሮፕ በሚባለው ትእዛዝ ቁረጡት። የኤክሴል ስክሪንሾት እባካችሁ አታስገቡ።

ወጣ፣ ግን አስቀያሚ ነው

መርሁ ቀላል ነው፦ መስመርና ጽሑፍ ያለበት ነገር ፒዲኤፍ፣ ፎቶ ጄፔግ፣ ስክሪንሾት ፒኤንጂ። ግራፍ በጄፔግ ሲቀመጥ ፊደሎቹ ዙሪያ የቆሸሸ ጥላ ይታያል፤ ገምጋሚ ደግሞ ይሄን ሳያይ አያልፍም።

ብዥ ያለ ፒኤንጂ ከሆነ ሒሳቡን ሥሩ። ኤ4 ወረቀት 21 ሴንቲሜትር ይሰፋል፤ ግራና ቀኝ 2.5 ሴንቲሜትር ብትተዉ 16 ሴንቲሜትር ይቀራችኋል፣ ያም 6.3 ኢንች ነው። በኢንች 300 ፒክስል እንዲኖረው ወርዱ 1890 ፒክስል አካባቢ መሆን አለበት። 600 ፒክስል ያለውን ምስል ጊምፕ ላይ ወደ 1890 መለጠጥ ምንም አይጨምርም፣ ከምንጩ እንደገና አውጡት።

ምስሉ ከገጹ አልፎ ወጥቶ ጥጉ ብቻ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ወርድ አልሰጣችሁትም። ፒዲኤፍላቴክ የምስሉን ተፈጥሯዊ መጠን የሚያሰላው ፋይሉ ውስጥ ከተጻፈው የኢንች ልክ (በኢንች ስንት ፒክስል) ነው፤ ካልተጻፈ 72 ብሎ ይወስዳል። 4000 ፒክስል የሚሰፋ የስልክ ፎቶ በ72 ሲካፈል 141 ሴንቲሜትር ይሆናል። የምን ገጽ ይችለዋል? ኢንክሉድግራፊክስ ላይ ወርዱን ከላይንዊድዝ (ከጽሑፉ መስመር ስፋት) ጋር እኩል አድርጉት።

የስልክ ፎቶ በጎኑ ተኝቶ ከወጣ፣ ስልኩ ፎቶውን ሳያዞር «አዙራችሁ አሳዩት» የሚል ምልክት ብቻ ጽፎበት ነው። ስልኩም ኮምፒውተሩም ምልክቱን ያነባሉ፣ ፒዲኤፍላቴክ አያነብም። አንግል የሚለውን አማራጭ 90 ወይም ነጌቲቭ 90 ማድረግ ይሠራል። ጊምፕ ላይ ከፍቶ፣ ይዙር ወይ ሲል እሺ ብሎ፣ እንደገና ማውጣት ግን የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ኮምፓይሉ ከዘገየ ግልጽነት ያላቸውን ፒኤንጂዎች ጠርጥሩ። ተራ ፒኤንጂን ፒዲኤፍላቴክ እንዳለ ገልብጦ ያስገባዋል፤ ግልጽነት ያለውን ግን ፈትቶ እንደገና ይጨምቀዋል፣ ያውም ኮምፓይል በተደረገ ቁጥር። ጀርባው ነጭ መሆን ከቻለ ነጭ አድርጉትና አውጡት።

ሦስት የተደበቁ ወጥመዶች

አዲስ ግራፍ አስገብታችሁ አሮጌው እየወጣ ካስቸገረ፣ ቅጥያ ሳትጽፉ ነው የጠራችሁት። ፒዲኤፍላቴክ ቅጥያ ካልተነገረው መጀመሪያ ፒዲኤፍ ይፈልጋል፣ ከዚያ ፒኤንጂ፣ ከዚያ ጄፔግ። ባለፈው ወር የተውከው ፒዲኤፍ እዛው ፎልደር ውስጥ ካለ ዛሬ ያወጣኸውን ፒኤንጂ ዞር ብሎም አያየውም።

የጥናት ጽሑፎች የሚለጠፉበት አርካይቭ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ጽሑፍ የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ፎርማት አትቀላቅሉ። እዛ ምስል የሚቀይርላችሁ የለም። በፒዲኤፍላቴክ ከሆነ ፒዲኤፍ፣ ፒኤንጂና ጄፔግ ብቻ፤ በድሮው ላቴክ ከሆነ ፒኤስና ኢፒኤስ ብቻ።

ሦስተኛው የራሴ ነው። ማስተርሴን ስጽፍ አንድ ማታ ሁሉም ምስሎቼ ጠፍተው ቦታቸው ላይ ባዶ ሣጥን ብቻ ቀረ፣ ሣጥኑ ውስጥ የፋይሉ ስም ተጽፏል። ሎጉ ላይ አንድም ስህተት የለም። ፎርማት ቀየርኩ፣ ቴክላይቭን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፣ በዚያ በሚያዘግም ኢንተርኔት። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰነዱን የመጀመሪያ መስመር አየሁ። ዶኪዩመንትክላስ ቅንፍ ውስጥ፣ ከመስመር የሚያልፉ ቃላትን ለመለየት ብዬ ከሰዓት በኋላ ራሴ የጨመርኳት «ድራፍት» የምትል ቃል ነበረች። ድራፍት ሲባል ላቴክ ምስል አይስልም፣ ሣጥን ብቻ ይተዋል። አጠፋኋት፣ ኮምፓይል አደረግኩ፣ ሁሉም ወጡ።